የጅቡ ሎቲ

ስለ ተረት አውሬዎችና «አለ፣ የለም» ስለሚባሉ እንስሳት ወሬ እያሰባሰብን ለሬዲዮ የምናዘጋጅ ሁለት ሰዎች ነን፤ አለቃዬና እኔ። ሥራችንን ስንናገር ሰው ይስቃል። አለቃዬ ለሚስቅ ሁሉ አንድ መልስ አለው፦ «የደጋ አጋዘንን የባሌና የአርሲ ሰው ስንት ዘመን ሲያድነው ኖሮ፣ ሳይንስ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እስከዚያ እሱም ወሬ ነበር።»

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ አድማጭ ከየካ አባዶ ደወለ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ካለው ባሕር ዛፍ ሌሊት ሌሊት የሚወጣ ነገር አለ አለኝ። ጅብ ይመስላል፣ ግን ጅብ አይደለም፤ ከፊቱ ከፍ፣ ከኋላው ዝቅ ያለ፣ ትከሻው ላይ ጋማ ያለው፣ ድብ የሚያህል። ስልኩን እንደያዝኩ ፈገግ አልኩ። በምዕራብ ኬንያ «የናንዲ ድብ» የሚባለውን አውሬም አየን የሚሉ ሰዎች የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ነገሩን የመረመሩት ብዙዎቹ ደግሞ ያ ሁሉ ድብ በአመዛኙ ጅብ ነው ይላሉ። ቢሆንም ሄድኩ።

ጭቃው ጥሩ ነበር። (የኛ ሥራ ሰው ጭቃ ሲያይ ደስ ይለዋል።) ከአጥሩ ሥር ዱካ አገኘሁና በተቆረጠ የውኃ ላስቲክ ጀሶ በጥብጬ አፈሰስኩበት። እስኪደርቅ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅኩ። ሳነሳው አራት ጣት ከነጥፍሩ ታትሟል፤ ነብር ቢሆን ሲራመድ ጥፍሩን ይሸሽግ ነበር። የፊት እግሩ ከኋላው ይተልቃል። ራቅ ብሎ እንደ ኖራ የነጣ ዓይነ ምድር አለ፣ የአጥንት በሊታ። ጅብ ነው፣ አለቀ። ግን ጅብ ብቻውን ፕሮግራም አይሞላም።

ደግሞ የዚያን ዋዜማ ናትናኤል ፒርስን ሳነብ ነበር ያመሸሁት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረ እንግሊዛዊ ነው። ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው ማስታወሻው ውስጥ ስለ ቡዳ ሲያወራ ጆሯቸው ላይ ሎቲ ያለባቸውን ጅቦች ያነሳል። ያ ሎቲ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲያቃጭል ነው ያደረው።

የኮንዶሚኒየሙን ዘበኛ አገኘኋቸው። አጀማመሬ ደህና ነበር፤ «አባባ፣ ምን አዩ?» አልኳቸው። ነገሩኝ፦ ጨለማ ነው፣ የእጅ ባትሪያቸው ደክሟል፣ ዓይኑ አበራ፣ ሄደ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ወሬ። እኔም ተስገብግቤ፣ «ጆሮው ላይስ የሚያብረቀርቅ ነገር አላዩም? እንደ ሎቲ ያለ?»

ቀረጻው ላይ እዚህ ጋ ዝምታ አለ። ከዚያ በዱላቸው መሬቱን ሁለት ጊዜ ቆርቆር ሲያደርጉ ይሰማል። «ሎቲ... አሁን ስትለኝ ነው እንጂ... አዎ፣ ብልጭ ያለ ነገር ነበር።»

በሁለተኛው ቀን በር ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ፣ ምንም ሳልላት፣ «ሎቲው ግራ ጆሮው ላይ ነው» አለችኝ። በደስታ ልበር ደረስኩ፤ ሳይመካከሩ አንድ ቃል የተናገሩ ሁለት ምስክሮች! ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ቡናቸውን የሚጠጡት እሷ ጋ መሆኑን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም። ሦስተኛው የታክሲ ረዳት ነበር፤ እሱ ዘንድ ሲደርስ ሎቲው ወርቅ ሆኗል። እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱ የሚያነሳ ካሜራ ባሕር ዛፉ ላይ አሰርኩና ተመለስኩ።

ጳጉሜ 3 ካሜራውን ልፈታ ስሄድ፣ አስፋልቱ ዳር ሸክላ የሚሸጡ እናት ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ። የጅቡን ሎቲ የምትጠይቀው አንተ ነህ?»

ሎቲ ያለው ግራ ጆሯቸው ላይ ብቻ ነው። የቀኙ ጆሮ ቀዳዳ ድሮ ተዘንጥሎ ለሁለት ተከፍሏል። ፊት ለፊታቸው ምጣዱ እንደተደረደረ፣ ጀበናው አፉን በቆሎ ቆረቆንዳ እንደተወተፈ ነው። ዓውደ ዓመት በደጅ ሆኖ ማንም ቆሞ ዋጋ አይጠይቅም።

«ሰው በሆዱ የሚያስበውን ድሮም አላጣሁትም» አሉኝ። «በአፉ ያለኝ ግን አልነበረም። አሁን ልጆቹ ሳይቀሩ ያዩኝና መንገድ ይሻገራሉ።»

ሸክላ ሠሪንና ቀጥቃጭን ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያሉ ማሳደድ ምን ያህል አሮጌ ግፍ እንደሆነ አላውቅም ልል አልችልም። ሁለት ፕሮግራም ሠርቼበታለሁ።

ቢሮ ገብቼ ቀረጻውን ለአለቃዬ አሰማሁት። የዘበኛው ዝምታ ላይ ሲደርስ አቆመው። ወደ ኋላ መልሶ ጥያቄዬን ብቻ ደግሞ ሰማ።

«ይሄ ሎቲ የማን ነው?»

«የኔ።»

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙትን ጥናት አወራልኝ። የመኪና ግጭት ፊልም ለሰዎች ያሳዩና ፍጥነቱን ይጠይቃሉ፤ አንዱን ቡድን «ሲጋጩ»፣ ሌላውን «ሲላተሙ» በሚያሰኝ ከበድ ያለ ቃል። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ቀላሉን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 7ቱ፣ ከባዱን ከሰሙት 50 ደግሞ 16ቱ «አዎ» አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት የለም። «ዘበኛው አልዋሹህም» አለኝ፣ «አንተ ያበደርካቸውን ነው የመለሱልህ።»

ካሜራው ውስጥ አንድ ጥሩ ሥዕል ነበር፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የተነሳ ነጠብጣብ ጅብ። የግራ ጆሮው ጫፍ ተቀዷል። ጅቦች እርስ በርስ ሲናከሱ ጆሯቸው ይሸራረፋል፤ አጥኚዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በነጠብጣቡና በዚሁ ሽርፍራፊ ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር የለም። ሥዕሉን በትልቁ አሳትሜ ቡና መጠጫው ጋ ወሰድኩት። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም አስተውሎ አየው። በመጨረሻ የታክሲ ረዳቱ መለሰልኝና፣ «ይሄማ ሌላኛው ነው» አለኝ።

ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ ቀረ። አሁን መስክ ስወጣ «ምን አዩ?» እላለሁ፣ ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። ዝምታው ሲረዝም ምላሴን እነክሳለሁ። አስቀድመው ከማን ምን እንደሰሙም እጠይቃለሁ፤ ቡናቸውን የት እንደሚጠጡ ጭምር።

እኚያ እናት ጋ በዓውደ ዓመቱ ማግስት ሄድኩ። ሦስት ጀበና ልግዛ ብላቸው «ስንት ቤት አለህ?» ብለው አንዱን ብቻ ሸጡልኝ። በጋዜጣ ሲጠቀልሉልኝ ጎንበስ አሉ። ሎቲውን አውልቀውታል። ቀዳዳው እንዳይደፈን የስንደዶ ስንጥር ሰክተውበታል።