የቡና ከረጢቴን ቻይና ሳሳትም ማንም ያልነገረኝ

ድሬዳዋ ውስጥ የሐረር ቡና ቆልቼ፣ አሽጌ እሸጣለሁ። ከረጢቱን ቻይና ለማሳተም ስነሳ ሰው ሁሉ ያወራኝ ስለ ዋጋው ነበር። «በግማሽ ይገኛል አቦ!» ስለ ባንኩ የነገረኝ አልነበረም።

ከዚያ በፊት መጋላ ገበያ ሰፈር ያሉ ልጆች ስቲከር ያትሙልኝና ባዶ ከረጢት ላይ እለጥፍ ነበር። የድሬ ሙቀት ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። ሌላም ችግር አለ። ትኩስ የተቆላ ቡና ለቀናት ጋዝ ያወጣል። ከረጢቱ ጋዙን የሚያስወጣ፣ አየር ግን የማያስገባ ቫልቭ ከሌለው እንደ ኳስ ይነፋል። ባለ ቫልቭ፣ ውስጡ ፎይል የሆነ ከረጢት እዚህ የሚሠራልኝ አላገኘሁም። ስለዚህ ሥራውን ወደ ውጭ መላኬ ቅንጦት አልነበረም።

ፋብሪካውን ያገኘሁት አሊባባ የሚባለው የቻይና የኢንተርኔት ገበያ ላይ ነው፣ ጓንግዶንግ ግዛት ውስጥ። ናሙና ላኩልኝ፣ ጥሩ ነበር። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የማተሚያ ሲሊንደር ይቀረጻል፣ የሚከፍለው ደግሞ ደንበኛው ነው። ዲዛይኔን ወደ ሦስት ቀለም አወረድኩት። ሲሊንደር ከተቀረጸ ጥቂት መቶ ከረጢት ብቻ አያትሙም፣ ብዙ ሺህ ማዘዝ ግድ ነው። እስከዚህ ድረስ ደስ እያለኝ ነበር።

ከዚያ ፕሮፎርማዬን፣ ማለትም ሻጩ የላከልኝን የዋጋ ማቅረቢያ ይዤ፣ የምከፍልበትን ዶላር ልጠይቅ ባንክ ሄድኩ።

ጊዜው ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረበት ነው። የምንዛሬ ወረፋ ያዝ ተባልኩ። ያዝኩ። ብሩም ሒሳቤ ላይ ይቀመጥ አሉኝ። ተቀመጠ። ቡና ልገዛበት የምችለው ገንዘብ ያለ ሥራ ተኛ። ፕሮፎርማው የሚያገለግለው ለአንድ ወር ነው። ወሩ ሲያልቅ ባንኩ «ጊዜው አልፎበታል፣ አዲስ አምጣ» ይላል። ያስረጀው ራሱ ነው! ቻይና እጽፋለሁ፣ ያድሱልኛል፣ አንዳንዴም ዋጋ ጨምረው። አዲሱን ይዤ ስሄድ ወረፋው ካለበት አልተነቃነቀም። የምፈልገው ሰው ከምሳ በኋላ አይገኝም። ድሬን የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ያናደደኝ መጠበቁ ብቻ አይደለም። ስንተኛ እንደሆንኩ የሚነግረኝ ጠፋ። «ቅርብ ነህ» ይሉኛል። ለምን ያህል ቅርብ? ፈገግታ። ከእኔ በኋላ የመጣ፣ ትልቅ ተቀማጭ ያለው ነጋዴ ጨርሶ ሲወጣ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ስጠይቅ «የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው» ተባልኩ። ሌላነቱ እስከ ዛሬ አልተገለጸልኝም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ወረፋው ቀለለ። ያ «ቅርብ ነህ» ሲለኝ የከረመው ሰው ራሱ ደውሎ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ዶላር አለ» አለኝ። በስንት? ፈቃዱ ተጠናቆ ልከፍል ስል ከ110 ብር አልፏል። በ57 ሒሳብ 5,000 ዶላር 285,000 ብር ነው። በ110 ደግሞ 550,000። ከረጢቱ ያው ከረጢት ነው።

በዚህም አላበቃም። ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው የዕቃውን ዋጋ፣ ማጓጓዣውንና መድኑን ደምሮ፣ በወቅቱ ምንዛሬ ወደ ብር መንዝሮ ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱም 3 በመቶ ዊዝሆልዲንጉም (በቅድሚያ የሚያዘው የገቢ ግብር) በዚያው ልክ አበጡ። ዊዝሆልዲንጉ ከትርፍ ግብር ላይ ይቀነስልሃል፣ ዛሬ የጎደለህን ገንዘብ ግን አይሞላም።

ጅቡቲ፣ ባቡር፣ ደረቅ ወደብ፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽመው ትራንዚተር፦ ይህ ሁሉ እንደፈራሁት አልሆነም። ጎበዝ ትራንዚተር ያዙ፣ በቃ።

ባንኮች ለሁሉም ሰው ኤልሲ (ሰነዱ ተሟልቶ ሲቀርብ ባንኩ ለሻጩ እንደሚከፍል የሚገባው ዋስትና) ክፈት ይላሉ፣ አስተማማኝ ነው ብለው። ለትልቅ ነጋዴ እውነት ነው። ለእኔ ቢጤ ግን ኮሚሽኑ፣ የማሻሻያ ክፍያው፣ ሰነድ ላይ አንድ ፊደል ስትሳሳት የሚመጣው ጣጣ ትርፉን ይበላዋል። ሻጩ ከተስማማ ሰነድ ሲደርስ የሚከፈልበትን መንገድ እመርጣለሁ። ችግሩ፣ ስምህ የታተመበትን ዕቃ ለሌላ ሰው መሸጥ ስለማይችሉ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ብዙዎቹ እሺ አይሉም።

ከረጢቱ መጣ፣ ያምራል። ከጅቡቲ የሚመጡ ደንበኞቼ ከውጭ የገባ ቡና ይመስላቸዋል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን የዓመት ከረጢት መጋዘን ውስጥ ተከምሮ፣ የሐረር ገበሬ ቡናውን ሲያወርድ የምገዛበት ጥሬ ገንዘብ አጠረኝ። የመጋላዎቹ ልጆችም ሥራ ቀነሰባቸው። ሱቃቸው በር ላይ ሳልፍ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ።

አሁን የማስመጣው ምንም ያልታተመበት ባለ ቫልቭ ከረጢት ነው። ሲሊንደር አይፈልግም፣ በትንሽ ቁጥር ይሸጡታል፣ ስምና ዲዛይን ቢቀየርም አይጣልም። ጽሑፉን እዚሁ መጋላ በስክሪን ፕሪንት ያትሙልኛል። እንደ ቻይናው አያብረቀርቅም። ሲበላሽ ግን በባጃጅ ሄጄ እጨቃጨቃለሁ።

ማዘዝ የምትፈልጉ ከቻይና አዲስ ዓመት ራቁ። እንደየዓመቱ ጥር ወይም የካቲት ላይ ፋብሪካው ጭር ይላል፣ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታትም ይጨናነቃሉ። ካሳተማችሁ ደግሞ ሲሊንደሩ የእናንተ መሆኑን በጽሑፍ አስፍሩ። የእኔን ፋብሪካው በየጊዜው «እንጣለው ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል። ይቀመጥልኝ እላለሁ። በ110 ብር ሒሳብ የከፈልኩበትን ብረት በነጻ አላስጥልም።