ሦስተኛው ኦሮማይ

ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ማኪያቶ አዝዤ እንደተቀመጥኩ መጽሐፍ አዟሪው መጣ። መጽሐፎቹን ከክንዱ እስከ አገጩ ደርድሯቸዋል። ከመሀል አንዱን ስቦ ሲያወጣ የቀሩት ንቅንቅ አይሉም፣ ሁሌ ይገርመኛል። «ኦሮማይ አለህ?» አልኩት። ከሥር ሦስተኛው ላይ ነበር። ገዛሁት።

የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ስገዛ ይሄ ሦስተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን ያዋስኩት ጓደኛዬ አገር ለቆ ሄደ። ሁለተኛው አክስቴ እቴቴ ጋ ነው ያለው፣ እሷን ደግሞ መልሺልኝ ለማለት አፌ አይደፍርም።

የአሁኑን የገዛሁት ለጎረቤቴ ልጅ ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ደረጃ ላይ አግኝቶኝ «ጋሼ፣ ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ካለህ አውሰኝ፣ የፍቅር ግን እንዳይሆን» አለኝ። ደስ አለኝ። የሚፈልገውን የሚያውቅ አንባቢ እወዳለሁ።

በፊት ቢሆን ፍቅር እስከ መቃብርን ነበር የማሸክመው። ለማንም ለሁሉም እሱን ነበር የምሰጠው፣ ስለምወደው። «በአማርኛ እንዲህ ያለ የፍቅር ታሪክ የለም» ብዬ እሰጣለሁ፣ ከወር በኋላ «ከበደኝ» ብለው ይመልሱልኛል፣ እኔም እቀየማለሁ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። መጽሐፉ ከማንኩሳ፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው የሚነሳው፣ እና የፍቅር ታሪክ ነው የተባለ ሰው ደግሞ ልጅቷን እየጠበቀ ገጽ ይቆጥራል፣ ሰብለ ወንጌል ግን ገና ናት። አሁን ስሰጥ «መጀመሪያ አገሩን ነው የምታየው፣ አትቸኩል፣ እነ ውድነሽ ቤት ትንሽ ቁጭ በል» እላለሁ። ይህቺን ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ሳያልቅ የተመለሰልኝ አንድ ብቻ ነው።

እቴቴን ግን ማንም እንደዚያ ሊላት አላስፈለገም። ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ ትልቅ ልጅ ሆና። ፍቅር እስከ መቃብርን መጀመሪያ የሰማችው በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ዛሬም ስታነብ ድምፅ አውጥታ ነው የምታነበው፣ እሱ ያረፈበት ላይ ታርፋለች። መጽሐፉን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ትለብጠዋለች፣ የደረሰችበት ላይ የክብሪት እንጨት ትሰካለች። ከሁሉ የምትወደው በዛብህ ሰብለን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባበትን ነው። «ታየኛለች» ትላለች፣ «መጽሐፉ ላይ አቀርቅራ፣ ልቧ ግን እሱ ጋ»። እኔ ያንን ክፍል ስንት ጊዜ አንብቤው፣ ዘግይቶ መማር ምን እንደሚመስል ከሚያውቅ ሰው ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር።

እና እቴቴ የምታነበው ፍቅር ብቻ ነው። ሌላ ከሰጠኋት ሁለት ገጽ ገልጣ «ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?» ብላ ታስቀምጠዋለች። ኦሮማይንም የፍቅር ነው ብዬ ነው የሰጠኋት። አልዋሸሁም። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ለከፈተው ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄድና ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱን ትቶ መተኛት የለም። በሳምንቱ ቡና ልጠጣ ስሄድ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ የክብሪት እንጨቱም ወጥቷል። ስለ ፊያሜታ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ ጦርነቱ ስለተካሄደበት ስለ ናቅፋ ጀመረችኝ። ሰፈራቸው ወደ ጦርነቱ የሄዱ ልጆች ነበሩ። በስማቸው ጠራቻቸው፣ አንድ በአንድ፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ የትኛው ኳስ ይጫወት እንደነበር። ስኒው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ከዚያ «እኔኮ እዚያ ምን እንደነበር የነገረኝ ሰው የለም» አለች። ምን እንደምላት አላወቅኩም። መጽሐፉን ያልጠየቅኳት ለዚህ ነው።

ሲጻፍ ታሪካዊ ልብ ወለድ አልነበረም እኮ። ዘመቻው በ1974፣ መጽሐፉ በ1975 ነው፣ ትኩስ ወሬ ነበር። ለጎረቤቴ ልጅ ግን ታሪክ ነው። አባቱም ያኔ ሕፃን ነበር።

ልጁ ጋ ይዤው ስሄድ አንድ ነገር አመነታሁ። ብዙ ሰው ኦሮማይን ሲያስነብብ ከደራሲው ነው የሚጀምረው፤ መጽሐፉ ከገበያ መሰብሰቡን፣ በዓሉ ግርማ ከሥራው መባረሩን፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን። እውነት ነው፣ መነገርም አለበት። ግን ቀድሞ ሲነገር አንባቢው «የተከለከለው የቱ ጋ ነው?» እያለ ሲያስስ አስመራ ታመልጠዋለች፣ ቡና ቤቱ፣ ጭፈራው፣ ያ ሁሉ ሰው ውጥረት ውስጥ ሆኖ የሚስቀው ሳቅ። ስለዚህ አልነገርኩትም። ሲጨርስ እነግረዋለሁ።

የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ትርጉም የሆነው ነገም ሌላ ቀን ነው ላይ ግን ተቃራኒውን ነው የማደርገው። የሥራ ባልደረባዬ ዓመት በዓል ሲቃረብ «ረጅም የፍቅር መጽሐፍ፣ ውስጡ ጠፍቼ የምከርምበት» ስትለኝ፣ ገና ሳልሰጣት ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ እንደተረጎመው ነገርኳት። ይሄን ያወቀ ሰው ውፍረቱ አያስፈራውም። ወረቀቷን አንድ በአንድ እያሰበ ነው የሚያነበው። እሷም እንደዚያ ነው ያነበበችው፣ አንዳንድ ገጽ ላይ «ይሄ ስንት ወረቀት ፈጅቶ ይሆን?» እያለች።

ለልጁ ያልኩት ይህችን ብቻ ነው፤ «ስለላ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ማንንም ቶሎ አትመን»። ፍቅር እንዳለው አልነገርኩትም። ይኼ ትንሽ ከነከነኝ፣ ምክንያቱም እንዳይሆን ያለኝን ነገር ነው የሰጠሁት። አስቤበትም ነበር። አዟሪው ጋ የሲድኒ ሼልደን ትርጉምም ነበር፣ እሱን ብሰጠው ጥያቄውን በትክክል መመለስ ነበር። ግን ኦሮማይን በአስራ ሰባት ዓመቱ እንዲያነበው ፈለግኩ፣ እኔ ባነበብኩበት ዕድሜ።

ትናንት ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ብልጭ አለ። ቴሌግራም ነው። «ጋሼ ተኝተሃል? ፊያሜታን ግን አንተ ብትሆን ታምናታለህ?»

ተነስቼ ተቀመጥኩ።

«ገጽ ስንት ደረስክ?» ብዬ ጻፍኩለት።