ዴንቨር ሀሺሽ ቤት ስሠራ ያየሁት የላብራቶሪ ጉዳይ

ለእረፍት ኮምቦልቻ መጥቼ ማታ ማታ ቡና ላይ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው፣ «እውነት እዛ ሀሺሽ በመንግስት ፈቃድ ነው እንዴ የሚመረተው?» አዎ፣ ዴንቨር ያለችበት የአሜሪካው ኮሎራዶ ስቴት ከ2014 (በፈረንጅ) ጀምሮ በሱቅ ይሸጣል፣ እኔም ትሪመር ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አበባውን ከቅጠሉ በመቀስ ማፅዳት ነው፣ ሙጫው ጓንትህ ላይ ይለጠፍና መቀሱ ራሱ አልከፈት ይልሃል። አጎቴ አስተግፊሩላህ አለና ትንሽ ቆይቶ «ጥራቱንስ ማነው የሚያየው?» አለኝ፣ እህል ነጋዴ አይደል።

ላብራቶሪ አልኩት፣ እኛ ባጭሩ «ላብ» ነው የምንለው። ሻጋታና የተባይ መድሃኒት ምናምን ይመረምራል፣ ቲኤችሲ የሚባለው የሚያሰክረው ነገርም በመቶ ስንት እንደሆነ ይለካል። ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ገዢው ፐርሰንት አይቶ ነው የሚገዛው፣ 28 የተፃፈበት ከ18ቱ ቶሎ ይሸጣል፣ ለላቡ የሚከፍለው ደሞ አምራቹ ራሱ ነው፣ ስለዚህ ቁጥር ከፍ አድርጎ የሚሰጠው ላብ ጋ ይሄዳል፣ ሀቀኛው ላብ ደምበኛ ያጣል ማለት ነው። እኛ ጋ ናሙና የሚያነሳው የራሳችን ሠራተኛ ነበር። ከየቦታው ቀላቅለህ አንሳ ነው ደንቡ፣ እሱ ግን መብራቱ ስር ያደገችውን፣ ነጭ ብናኝ የነሰነሰባትን፣ ቲኤችሲ የሚበዛባትን የላይኛዋን አበባ እየለቀመ ብልቃጥ ውስጥ ይጨምራል፣ አለቃችንም ቆሞ ያያል።

አጎቴ ሳቀ፣ «ከጆንያው አፍ ነዋ የዘገናችሁት!» እሱ ሀርቡ ገበያ ማሽላ ሲገዛ እጁን እስከ ክርኑ ነው የሚሰደው።

የኔ ሀሜት እንዳይመስላችሁ፣ በ2023 የታተመ ጥናት እዛው ኮሎራዶ ከ10 ሱቆች 23 ናሙና ወስዶ ሲለካ 70 ፐርሰንት የሚሆኑት ላይ የተገኘው ቲኤችሲ ከተለጠፈው ቁጥር ከ15 በመቶ በላይ ያነሰ ነው። ሀሺሽ በፌደራል (በማዕከላዊው መንግስት) ህግ ክልክል ስለሆነ የፈቀደው ስቴት ሁሉ የራሱን የምርመራ ደንብ ነው የሚያወጣው።

(ግሪን ካርድ ይዛችሁ እዛ ስራ ለመግባት ያሰባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ጠበቃ አናግሩ፣ በ2019 የወጣው የኢሚግሬሽን መመሪያ ስቴቱ ቢፈቅድም ስራው ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል ይላል። እኔም ከስራው የወጣሁት ለዚሁ ነው።)

አጎቴ ግን ፐርሰንቱን ተወውና «ሻጋታውስ?» አለ። ሻጋታ ታች ባለው፣ አየር በማያገኘው አበባም ላይ ሊኖር ይችላል፣ ለላብ የምትሄደው ደሞ ያቺው ከላይ የተለቀመችው ናት።