ቱቦው ወጣ

ዛሬ ነርሷ ከፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለች የወንዶች እጢ) ቀዶ ሕክምናዬ በኋላ የቆየውን የሽንት ቱቦ አወጣችልኝና «አባባ፣ ሽንትዎ ሲመጣ ይጥሩኝ» ብላ ሄደች። ውሃ ስጠጣ ቆየሁ። መጣ። ያቃጥላል! ቀለሙም ቀላ ያለ ነው። ደንግጬ ጠራኋት።

«ያለ ነው። ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላም የቁስሉ ቅርፊት ሲነሳ ደም ብቅ ሊል ይችላል። ከባድ ነገር አያንሱ። ደሙ ከበዛ፣ ከረጋ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ቶሎ ይምጡ።»

የገረመኝ አወራረዱ ነው። ለዓመታት ጠብ ጠብ ሲል የኖረው ኩልል ብሎ ወረደ። ሽንት ቤት ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር?

አጠገቤ የተኛው ሰውዬም ሕመሙ እንደ እኔው ፕሮስቴት ነው፤ አፍሮ ግን ለልጆቹ «ኩላሊቴን ነው» ብሎ ነው የመጣው። የፕሮስቴት ማበጥ ካንሰር አይደለም፤ ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ወንድ ላይ ይመጣል። ስለ ደም ግፊታችን ግን በየደረስንበት እናወራለን።