ሳላነብ የፈረምኩት አራተኛው ገጽ

ስምንት ዓመት በዳንሰኝነት ሠራሁ። ከዚያ ጉልበቴም ሰነፈ፣ ሌሎችን ማዘዝም አማረኝ፤ ኮሪዮግራፈር፣ ማለትም ዳንስ ፈጣሪ፣ ሆንኩ። «ኮሪዮግራፈር እንዴት ሆንሽ?» ለሚሉኝ መልሱ አጭር ነው። ለራሴ የአምስት ደቂቃ ሶሎ ሠራሁ፣ ለሁለት ጓደኞቼ ዱዌት ሠራሁ፣ ለየፌስቲቫሉ አመለከትኩ። አብዛኞቹ እምቢ አሉ፣ አንዱ እሺ አለ። በቃ።

የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ዱዌቱን ያየ አንድ የዳንስ ቡድን ለስድስት ዳንሰኞች የ30 ደቂቃ ሥራ እንድሠራለት ጠራኝ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ውሉ የመጣው ልምምድ በጀመርን በሦስተኛው ቀን ነው። ላብ በላብ ሆኜ ወለሉ ላይ ተዘርሬያለሁ። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ከነእስክሪብቶው ሰጠኝ። «የተለመደው ውል ነው፣ ሁሉም የሚፈርመው ነው» አለኝ። የክፍያውን ገጽ አነበብኩ። ሌላውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ፈረምኩ። ከክንዴ የወረደ ላብ ፊርማዬን አደበዘዘው። ቅጂዬ ላይ ዛሬም ይታያል።

አራተኛው ገጽ ላይ ሥራው ለዘለቄታው የቡድኑ ንብረት እንደሆነ፣ ቡድኑም እንዳስፈላጊነቱ ሊያሻሽለው እንደሚችል ተጽፏል። ሁለት መስመር አይሞላም።

ይህን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሌላ ቴአትር ቤት ያንኑ ሥራ ጠየቀኝ። እኔም ለይሉኝታ ያህል ለቡድኑ ላሳውቅ ብዬ ደወልኩ። «አይቻልም፣ የእኛ ነው» አሉኝ። ሰባት ጊዜ ጻፍኩላቸው። አራት ጊዜ «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ፤ ሦስቱን ጭራሽ አልመለሱም። ማን እያየው እንደነበር እስካሁን አልገባኝም።

ዳንስ የቅጂ መብት የለውም የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ሲሻሻል ዳንስን በግልጽ ከሚጠበቁ ሥራዎች ተራ አስገብቶታል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ተመዝግቦ እስከተቀመጠ ድረስ። እኔ ቪዲዮም ነበረኝ። መብት ነበረኝ ማለት ነው፤ በገዛ እጄ አስረከብኩት እንጂ።

ብቻዬን ብሆን አፍር ነበር። ግን ታዋቂዋን አሜሪካዊት ኮሪዮግራፈር ማርታ ግራሃምን የመሰለች ሴት እንኳ አለች። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሞተች በኋላ ወራሿና በስሟ የሚጠራው የዳንስ ማዕከል ተካሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2002 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ካከራከሩት ዳንሶች አብዛኞቹን ለማዕከሉ ፈረደ። ብዙዎቹን የሠራቻቸው የማዕከሉ ተቀጣሪ ሆና ነው ተባለ። የራሷን ዳንስ! ሌላው አሜሪካዊ ኮሪዮግራፈር መርስ ካኒንግሃም ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ከመሞቱ በፊት ነገሩን አስቦበት ነበር። መብቱን የሚይዝ አካል አቋቁሞ፣ ቪዲዮው፣ የመብራቱ ዕቅድ፣ የአልባሳቱ ዝርዝር ሁሉ በየሥራው ተሰናድቶ እንዲቀመጥ አደረገ።

ለጀማሪ ኮሪዮግራፈሮች በሚሰጡ ሥልጠናዎች «መጀመሪያ ላይ አታስቸግሩ፣ ዋናው መታየት ነው» ይሉናል። እኔ አስቸግሩ ነው የምለው። ዳንሱን አትሽጡ፣ አከራዩት። ለስንት ዓመት፣ ለስንት ትርኢት፣ ማን ሊቀይረው እንደሚችል ይጻፍ። ላብ ላይ ሆናችሁ ደግሞ ምንም አትፈርሙ፣ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። ቪዲዮም ቢሆን ሁሉም የሦስት ደቂቃ ማስታወቂያ ቆርጣችሁ ላኩ ይላል። ለማመልከቻ ይሁን። ለራሳችሁ ግን አንድ ካሜራ ከኋላ ትከሉና ሳትነካኩት መድረኩን በሙሉ ቅረጹ፣ እግር ሳይቆረጥ። የኔ ካሜራ ከጉልበት በታች አያሳይም ነበር፤ የሠራሁትን የእግር አጣጣል ዛሬ ከዳንሰኞቹ ነው የምለቅመው።

ባለፈው ትኬት ቆርጬ የራሴን ሥራ ልይ ሄድኩ። መጨረሻው ላይ አንዲት ዳንሰኛ ለተመልካቹ ጀርባዋን ሰጥታ ያለሙዚቃ 40 ሰከንድ ትቆም ነበር። ለዚያች ዝምታ ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀናል። አውጥተዋታል። በምትኩ ከበሮ አስገብተው ስድስቱንም አዘልለዋቸዋል። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። እኔም ተነስቼ አጨበጨብኩ፤ ልጆቹ ምን አጠፉ?