ውኃው የተነነው የት ነው?

የግልገል አባይን አካባቢ ምንጮችና ጉድጓዶች የሚሞላው የክረምቱ ዝናብ ነው ወይስ የበልጉ? ይህን ከምንጮቹ ውኃ ጋር አነጻጽረን ለማወቅ ሰከላ ላይ የዝናብ ውኃ እያጠራቀምን ወደ ውጭ አገር የአይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር ቀላልና ከባድ አቶሞች) ላብራቶሪ እንልክ ነበር።

ከ1,000 የኦክስጅን አቶሞች 2 ያህሉ ከባዱ ኦክስጅን-18 ናቸው። ውኃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል፤ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል። አሜሪካዊው የጂኦኬሚስትሪ ተመራማሪ ሃርመን ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው፣ የዓለም ዝናብ ከባድ ኦክስጅንና ከባድ ሃይድሮጅን መጠን በግራፍ ላይ ሲቀመጡ ተዳፋቱ 8 በሆነ መስመር ዙሪያ ይሰለፋሉ። የተነነ ውኃ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ፀሐይ ሲመታው የሚከርመው የጣና ውኃ እንደዚያ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ የክረምቱ ዝናብ መስመሩን ይዞ ተሰልፏል። የሚያዝያው ግን ወደ ጣና ጠጋ ብሎ ወርዷል። አንዱ ባልደረባችን በጣም ደስ አለው። «ካፊያው መሬት ሳይደርስ ደረቁ አየር ውስጥ እየተነነ ነው» ብሎ የሪፖርቱን አንቀጽ ጽፎ ጨረሰ። እንዲህ ያለ ነገር በእርግጥም አለ፤ ቀላል ዝናብ በደረቅ አየር ሲያልፍ ይተናል። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ማሽኑ ውኃው መትነኑን ይናገራል እንጂ ሰማይ ላይ ይሁን ጠርሙስ ውስጥ አይለይም።

ማጠራቀሚያውን ለሚጠብቁልን የጤና ጣቢያ ዘበኛ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ሚያዝያ ላይ ጠርሙሱ እንዴት ነበር?»

«ምነው ልጄ፣ ዘይቱ እኮ አልቆ ነበር! ደብተሩ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ የጠየቀኝ የለም እንጂ።»

ዘይት ያሉት ፓራፊኑን ነው። ወር ሙሉ የሚጠራቀመው ውኃ እንዳይተን ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ደብተሩን ሄደን አየነው፦ «የጊዮርጊስ ማግስት። ዘይት የለም። ፀሐዩ በርትቷል።» ከጎኑ በየጠዋቱ ከተራው የዝናብ መለኪያ ያነበቡት ሚሊ ሜትር አለ። ነገሩን የቆረጠው ይህ ነው። አፉ 16 ሳንቲ ሜትር በሆነ መቀበያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከገባ ጠርሙሱ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ መገኘት አለበት። የወሩን ንባብ ደምረን በዚህ ስናሰላው ከጠርሙሱ የተቀዳው ውኃ በብዙ ጎደለ። ዝናቡ መለኪያው ላይ ደርሷል፤ የተነነው ከዚያ በኋላ ነው። ባልደረባችን አንቀጹን ያለምንም ክርክር በራሱ እጅ አወጣው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

እስካሁን የሚቆጨኝ ደብተሩ ነው። ናሙናው በአውሮፕላን ባሕር ሲሻገር፣ ትርጉም የሚሰጠው ጽሑፍ ዘበኛው ክፍል ውስጥ ቀርቶ ነበር። ለላብራቶሪው ክፍያ በጀት ይያዛል፤ በየጠዋቱ ለሚጽፉት ሰው ደውሎ መጠየቅ ግን በማንም የሥራ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

አሁን የደብተሩ ገጽ በፎቶ ከናሙናው ጋር ይሄዳል። «የጊዮርጊስ ማግስት» እንዳለ ይቀራል፤ ከአጠገቡ የፈረንጁን ቀን እኛ እንጽፋለን፤ ሚያዝያ 24 በእነርሱ ሜይ 2 ስለሆነ ወሩ በቀላሉ ይምታታል። ማጠራቀሚያውንም ቀጭን ቱቦው እስከ ጠርሙሱ ወለል በሚወርድ ዓይነት ቀየርነው። እሱ ዘይት አያስፈልገውም፤ ዘይት ደግሞ ናሙናውን ለሚለኩ የላብራቶሪ የሌዘር መሣሪያዎችም አይስማማም። የሚያዝያውን ናሙና ከስሌቱ አውጥተን የሚቀጥለውን በልግ መጠበቅ ግድ ሆነብን።