ጤፍ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ

አንድ ሌሊት ግራ እጄ ጋቢ ውስጥ ጠፋብኝ። ቀልዴን አይደለም። እንዳለ አውቃለሁ፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም። መብራት አብርቼ ስፈልገው ጀርባዬ ሥር ተጣጥፎ ተገኘ። ስትሮክ ከመታኝ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሲንጀር ስረግጥ ነው ዕድሜዬ ያለፈው። የደም ግፊት መድኃኒቴን "ደህና ነኝ" ብዬ በራሴ ሥልጣን አቋረጥኩና የሆነው ሆነ። የአንጎሌ ቀኝ ክፍል ተጎዳ፤ ግራ ጎኔ ከዳኝ። እግሬ ቶሎ ተመለሰ። እጄም በሦስተኛው ወር ጨበጥ ዘርጋ ማለት ጀመረ። ጠያቂው ሁሉ "ተመስገን፣ ዳንክ!" ይለኛል። ኳስ ጨብጥ ይለኛል። ጨበጥኩ። ጉልበት አገኘሁ። ሲኒ ስይዝ ግን ወይ ያመልጠኛል ወይ አንቄ እይዘዋለሁ። ጨርቅ ይዤ ዓይኔን ዞር ካደረግኩ ጨርቁ መሬት ነው።

ነገሩ የገባኝ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስታስረዳኝ ነው። "ጋሼ፣ የእርስዎ ችግር ጉልበት አይደለም። እጅዎ የሚነካውን አያውቀውም" አለችኝ። ቆዳዬ ደህና ነው። የተጎዳው ከጣት የሚመጣውን ወሬ የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ነው። ሲኒ ሊንሸራተት ሲል ጣታችን ይነግረንና ሳናስበው ጠበቅ እናደርጋለን። ወሬው ካልደረሰ አንጎል በጭፍን ይገምታል። ደግነቱ ጤነኛው የአንጎል ክፍል በልምምድ ብዛት ከተጎዳው ሥራ ጥቂቱን ሊረከብ ይችላል። ስለዚህ እጄን ከሀ ሁ ጀመርኩለት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልጄ አንድ ጨርቅ በግራ ጣቶቼ ሥር ታደርጋለች። እኔ እያሻሸሁ ምን እንደሆነ እናገራለሁ። ከዚያ ዓይኔን ገልጬ እያየሁ እዳስሰዋለሁ። ቀጥሎ በቀኝ እጄ። ከዚያ እንደገና በግራ፣ ዓይን ተጨፍኖ። ቀኙ መምህር፣ ግራው ተማሪ። መጀመሪያ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር የሆኑትን ያዝን፤ ማዳበሪያ ከረጢትና ሳቲን። ሁለቱም አንድ ሆኑብኝ። ሠላሳ ዓመት ሱፍን ከፖሊስተር በጨለማ የለየሁ ሰው! ያን ቀን ተበሳጭቼ ተነሳሁ።

ግን በቀን ሁለቴ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ አልተውነውም። በሦስት ሳምንት ገደማ ማዳበሪያው መኮስኮስ ጀመረ። ከዚያ ወደ ዕቃ አለፍን፤ ማንኪያ፣ ሳንቲም፣ ክር። አንዴ ልጄ አንድ ነገር አስያዘችኝ። "ቁልፍ!" አልኩ። "የቱ ቁልፍ አባዬ? የበር ወይስ የኮት?" አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ። ጠርዙን ዞርኩት፣ መሃሉን ነካሁት። ቀዳዳ አለው። የኮት ነው። ያኔ የገባኝ ጣትን ዝም ብሎ ማሻሸት እንደማይበቃ ነው። ጥያቄ መጠየቅ አለበት። ጠርዙ ሹል ነው? ይቀዘቅዛል? ይከብዳል?

ከዚያ ቁልፎቹን ጎድጓዳ ሳህን ጤፍ ውስጥ ደበቀችልኝ። ባለቤቴ "ጤፍ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ?" ብላ ጮኸች፤ ሆኖም ሰጠችን። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ቁልፉ ቶሎ ይለያል። ምስር ይከብዳል። ሽምብራማ ራሱ ቁልፍ ያክላል፣ ፈተናው እሱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ልጄ ጣቴን ጎንና ጎኑን ይዛ ታንቀሳቅስና "ወደ ላይ ነው ወደ ታች?" ትለኛለች። ጋቢ ውስጥ የሚጠፋ እጅ ያለው ሰው ይቺን አይዝለል።

ስህተቴንም ልናገር። ወጌሻ ጋ ሄጄ ክንዴን አስጎትቼ ትከሻዬን ለሳምንታት አሳመምኩ። የደከመ ክንድ አይጎተትም፤ በቃ። የባሰው ግን ሱቅ ውስጥ ነው የደረሰው። ኮት ስተኩስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ደንግጬ ጨርቁን አነሳሁ፤ ጨርቁ ምንም አልሆነም። ካውያው ያገኘው ትንሿን ጣቴን ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ጀበናም፣ ሙቅ ውኃም፣ ካውያም አስቀድሞ በቀኝ ነው የሚፈተሸው።

መስታወትም ሞክሬያለሁ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያመጣው ራማቻንድራን የተባለ ትውልደ ሕንድ ሐኪም ነው። መጀመሪያ የታሰበው እጃቸው ተቆርጦ የሌለው እጅ ለሚያማቸው ሰዎች ነበር። የሱቄን መስታወት በሁለቱ እጆቼ መሃል አቆምኩና ቀኜን መስታወቱ ውስጥ እያየሁ ሳንቀሳቅሰው ግራዬ የሚንቀሳቀስ መሰለኝ። ለእንቅስቃሴው ሳይረዳኝ አልቀረም። ለመዳሰሱ ግን፣ ለእኔ፣ እንደ ጤፉ አልሆነም።

አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። የጋቢ ጥለት ሳላይ አገኛለሁ። መርፌ ግን አሁንም በቀኝ ነው የማነሳው፤ የግራ አውራ ጣቴ ጫፍ ጓንት እንዳጠለቀ ነው። ልጄ ለትምህርት ከከተማ ስለወጣች ቁልፍ የምትደብቀው ባለቤቴ ሆናለች። ባለፈው ቅዳሜ ሽምብራውን አቀረበችልኝ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ፈለግኩ። ጥጉን፣ ሥሩን፣ መሃሉን።

"ምንም የለውም" አልኳት ዓይኔን ሳልገልጥ።

ሳቀች። ለካ ሆን ብላ ምንም አላስገባችበትም።